መንገደኛን የሚመረምር ታሪክ ጸሐፊ፦ ሪቻርድ ፓንክረስት ከጋሞ ደጋ ሲነበቡ

በአርባ ምንጭ ከሼቻ ገደል አፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቅ ያያል፦ በግራው ደለል ያቀላው አባያ፣ በቀኙ ጠራ ያለው ጫሞ፣ በመካከላቸውም አገሬው የእግዜር ድልድይ የሚለው ደን የለበሰ ሸንተረር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎች ግን እዚሁ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ጽፈዋል። በእነሱ ላይ አባያ «ማርጌሪታ» ነው፤ ጫሞም በአንዳንዶቹ «ሩስፖሊ» ይባላል። ማርጌሪታ የጣሊያኑ ንጉሥ የቀዳማዊ ኡምቤርቶ ሚስት ናት። ኤውጄንዮ ሩስፖሊ ደግሞ በ1893 በቡርጂ አካባቢ በዝሆን የተገደለው፣ ከሮማ መሳፍንት ወገን የሆነ ወጣት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የንግሥቲቱን ስም ለሐይቁ የሰጠው ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። ጊዜው ያስገርማል። ቦቴጎ አባያ የደረሰው በሜይ 1896 ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ድል ከተመታ ሁለት ወር አልፎታል። በ1895 ከሶማሌ ጠረፍ፣ ከብራቫ፣ ተነሥቶ በበረሃ ሲጓዝ የከረመው ጓድ ይህን አልሰማም ነበር። ምኒልክ የማረኳቸው የጣሊያን ወታደሮች ወደ ሸዋ በሚጓዙበት ሰሞን፣ የምኒልክ ጦር በመያዝ ላይ ባለው የደቡብ አገር አንድ ጣሊያናዊ ሻምበል ሐይቅ ለንግሥቱ ይመርቅ ነበር። የጉዞውም ፍጻሜ አላማረም። ጓዱ የሰበሰበውን ይዞ ወደ ሉግ እንዲመለስ የተላከው ማውሪዚዮ ሳኪ በ1897 መጀመሪያ በዚያው በአባያ አካባቢ ተገደለ። ቦቴጎም በመጋቢት 1889 ዓ.ም. በወለጋ፣ ዳጋ ሮባ በተባለ ስፍራ ሞተ። ተርፈው የተያዙት ሁለቱ መኮንኖች፣ ላምቤርቶ ቫኑቴሊና ካርሎ ቺቴርኒ፣ በምኒልክ ፈቃድ ተለቀው በ1899 «ሎሞ» የተባለውን ትልቅ የጉዞ መጽሐፍ አሳተሙ።

የማርጌሪታ ስም በአባያ አላበቃም። በ1906 የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አሜዴኦ የሩዌንዞሪን ከፍተኛ ጫፍ ወጥቶ ለዚያም ይህንኑ ስም ሰጠው፤ ንግሥቲቱ የአጎቱ ሚስት ነበረች። ይህ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1899 እና በ1900 «ስቴላ ፖላሬ» በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ዘምቷል። ምክትሉ ኡምቤርቶ ካኚ በበረዶ ላይ 86 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ድረስ ዘልቆ፣ እስከዚያን ቀን ማንም ያልደረሰበት ነጥብ ላይ ባንዲራ ተክሎ ተመልሷል። ያው መስፍን በስተርጅናው፣ በ1928 እና በ1929፣ የዋቢ ሸበሌን ምንጭ ሊያጠና ወደ እኛ አገር መጣ። ስለዚህ የዋልታውን በረዶ፣ የሩዌንዞሪን ጫፍና የኢትዮጵያን ወንዝ በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ እናገኛቸዋለን። አባያም ከነስሙ የዚሁ ማኅበር ንብረት ሆኖ ተመዝግቦ ኖሯል።

ማኅበር ስል በምሳሌ አይደለም። በ1867 የተቋቋመው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1876 በአንኮበር አጠገብ ልት ማረፊያ ላይ ጣቢያ ያቆመ፣ ኋላም የቦቴጎን ሁለተኛ ጉዞ የደገፈ ድርጅት ነው። በዚያው ትውልድ ጃኮሞ ቦቬ የተባለ የጣሊያን የባሕር ኃይል መኮንን ከኖርደንሺዮልድ ጋር በ«ቬጋ» መርከብ የሳይቤሪያን ሰሜናዊ ጠረፍ ሲያቋርጥ፣ ሌሎቹ የአፍሪካን ወንዞች ይለኩ ነበር። ቫኑቴሊ ራሱ የባሕር ኃይል ሰው ነው። በ1888 ከካውንት ቴሌኪ ጋር ቱርካና ደርሶ ሐይቁን «ሩዶልፍ»፣ ጨው ባሕርን ደግሞ «ስቴፋኒ» ያሰኘው ሉድቪግ ፎን ሆህነልም የኦስትሪያ-ሀንጋሪ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። መርከበኞች ከጠረፍ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በግመል ላይ ሴክስታንትና ክሮኖሜትር ጭነው፣ በከዋክብት እየለኩ በደረቅ አገር ይጓዙ ነበር ማለት ነው። መሣሪያውን ከባሕር አመጡት፤ ታሪክ የሚተርኩበትንም ስልት አብረው አመጡ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዋልታ ጉዞ ታሪክ የራሱ ቅርጽ አለው፦ አንድ ጀግና፣ አንድ ባንዲራ፣ አንድ «የመጀመሪያ» ቀን። ሰው በማይኖርበት በረዶ ላይ «መጀመሪያ የደረሰው ማነው» ብሎ መጠየቅ ቢያንስ ትርጉም አለው። (እዚያም ቢሆን ፒሪ በ1909 ዋልታው ደረስኩ ሲል ከጎኑ ጥቁሩ አሜሪካዊ ማቲው ሄንሰንና አራት ኢኑዊቶች ነበሩ፤ ጋዜጦቹ ግን ያነገሡት አንድ ሰው ነው።) ይህ ቅርጽ እንዳለ ተገልብጦ፣ በዳሩ ገበያ የሚቆምበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ በደሴቱ ላይ ሰው የሚኖርበት ሐይቅ ላይ ሲለጠፍ ታሪኩ ይበላሻል። የሚበላሸውም የነዋሪው ስም ስለተረሳ ብቻ አይደለም። ጉዞው ራሱ ምን እንደነበረ አይታወቅም፤ ማን መንገድ እንዳሳየ፣ ምን እንደተበላ፣ በምን እንደተገዛ፣ በምን እንደተነጠቀ ይሠወራል። በፓርማ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በ1907 የቆመውን የቦቴጎ ሐውልት ያየ ይህን በነሐስ ያየዋል፦ ሻምበሉ ከላይ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ጁባና ኦሞ በሁለት አፍሪካውያን ተመስለው ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ወንዝ ሆነዋል።

የዚህን ዓይነቱን ታሪክ ሥሩን ሳይነቅሉ፣ ግን በዝምታ ፍሬውን ለሌላ ጥቅም ያዋሉት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ክርክሬ ይኸው ነው፤ ፓንክረስት ስለ አሳሾች የጻፉ ታሪክ ጸሐፊ ሳይሆኑ አሳሾችን እንደ ምስክር አቁመው ያነጋገሩ ታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ሆኖም ምስክሩ ያልረገጠውን አገር የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም፤ ጋሞም ከዚያ አገር አንዱ ነው።

ሰውየው ዲሴምበር 3 ቀን 1927 በእንግሊዝ አገር፣ በዉድፎርድ ተወለዱ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት፣ አባታቸው ደግሞ ከጣሊያን የተሰደደው አናርኪስት ሲልቪዮ ኮሪዮ ነው። ይህ የቤተሰብ ነገር ለሥራቸው ጌጥ አይደለም። ሲልቪያ በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ስትጀምር ልጁ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም። በዚያው በዉድፎርድ የአየር ድብደባን የሚቃወም፣ በድንጋይ የተቀረጸ ቦምብ አቁማለች። እንግዲህ ልጁ ያደገው የጣሊያን መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ የሚያትመው ሁሉ በጥርጣሬ በሚነበብበት፣ ግን ጣሊያንኛው ራሱ የአባት ቋንቋ በሆነበት ቤት ነው። ለአሳሽ መጻሕፍት አንባቢ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

በ1956 ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ መጡ፤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁም ማስተማር ጀመሩ። ሲልቪያ በ1960 ስታርፍ የጀመረችውን «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ከባለቤታቸው ከሪታ ጋር ቀጠሉበት። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በ1966 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውም በእሳቸው ጊዜ ነው። በ1976 አገሩን ለቀው በለንደን ሠሩ፤ በ1986 ተመለሱ። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም እስኪመለስ ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ናቸው። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2017 በአዲስ አበባ አረፉ። ይህን በፍጥነት ያለፍኩት ሌሎች በስፋት ስለጻፉት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ማታ ማታ ጠረጴዛቸው ላይ የሚሠሩት ነገር ነው።

በ1965 «ትራቭለርስ ኢን ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ የመንገደኞችን ጽሑፍ ቀንጭበው አሳተሙ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ለተማሪ የተዘጋጀ መድበል ነው። ነገር ግን በ1961 ካወጡት የኢኮኖሚ ታሪክ መግቢያና በ1968 ካሳተሙት «ኢኮኖሚክ ሂስትሪ ኦቭ ኢትዮጵያ» ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ምሥጢሩ ይገለጣል። በመድበሉ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆኖ የሚናገረው መንገደኛ በኢኮኖሚ ታሪኩ ውስጥ ተበልቶ ግርጌ ማስታወሻ ሆኗል። ጀግንነቱ፣ ትኩሳቱ፣ ከንጉሡ ጋር የተበላው ግብር ቀርቷል። የቀረው «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ገበያ፣ በአንድ ጠገራ ብር ይህን ያህል አሞሌ ጨው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው።

አሞሌውን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፤ የሰውየው ብልሃት ያለው እዚህ ነውና። አንድ መንገደኛ በአንድ ገበያ ላይ የጨው ዋጋ ቢጽፍ ወሬ ነው። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ አስተርጓሚው ዋሽቶት፣ ነጋዴው እንግዳ መሆኑን አይቶ አስወድዶበት ሊሆን ይችላል። ፓንክረስት የሚያደርጉት ያንን ወሬ ከሌላ ሃያ ወሬ ጋር ማሰለፍ ነው፤ ሚስዮናዊ፣ ቆንስል፣ አዳኝ፣ የንጉሥ ዜና መዋዕል ጸሐፊ፣ ሁሉም እርስ በርሱ አይተዋወቅም። ሲሰለፉ ጨው ከአፋር ሜዳ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር እየተወደደ እንደሚሄድ፣ መንገድ ሲዘጋ ዋጋው እንደሚዘል፣ በወላይታ በኩል ደግሞ ማርጩዋ የሚባለው የብረት ገንዘብ ቦታውን እንደሚወስድ ይታያል። ማንም መንገደኛ ይህን አላየውም። እያንዳንዱ ያየው የራሱን ገበያ ነው። ካርታውን የሠራው አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ነው። በ1960ዎቹ ስለ ክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1888 እስከ 1892 ስለነበረው ረኃብ፣ የጻፉት ጥናትም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። የከብት እልቂቱን ስፋት የሚያሳዩት እርስ በርስ የማይተዋወቁ የዓይን ምስክሮችን አደራርበው ነው።

የፓንክረስት ድርሰት ለጨዋታ የሚነበብ አይደለም። ገጹ በጥቅስ ይጨናነቃል፤ ሐሳቡ አንዳንዴ በማስረጃው ሥር ይቀበራል፤ «ስለዚህስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልሱን ራሱ መፈለግ አለበት። ሰብሳቢ እንጂ ተንታኝ አይደሉም የሚል ትችት በምሁራን መካከል ሲነገር ይሰማል። ትችቱ ግማሽ እውነት አለው። ግን መረጃው በስድስትና በሰባት ቋንቋ፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተበታትኖ በነበረበት፣ ተቋሙ ራሱ መደርደሪያውን ገና በሚሞላበት ዘመን ሰብሳቢነት የትንታኔ ታናሽ ወንድም አልነበረም። ምን እንደሚሰበሰብ መምረጥ ራሱ አቋም ነው። ቦቴጎ ላይ «ማርጌሪታ»ን ትቶ የገበያውን ዋጋ የሚያነሣ ሰው፣ ሳይናገር ሐውልቱን ነቅሏል።

ለባሕርም ያላቸው ዓይን እንዲሁ ነው። በ1965 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ንግድ፣ እንዲሁም ስለ ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች ጋር ስለነበረው ንግድ ጽፈዋል። በ2003 ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ስለተበተኑ አፍሪካውያን ከሺሃን ዴ ሲልቫ ጃያሱሪያ ጋር መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የመርከብ አዛዥ ጀግና አይሆንም። የሚንቀሳቀሰው የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድና በግድ የተሸጠ ሰው ነው። ይህን ይዘን ወደ ቦቴጎ እንመለስ። የተነሣባት ብራቫ ባዶ ዳርቻ አልነበረችም። ሉግም በጁባ ላይ የቦረናን አገር ከበናድር ጠረፍ የሚያገናኝ የቅፍለት መናኸሪያ ነበረች። ታላቁ «ግኝት» ቢያንስ በመጀመሪያ እርከኑ ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስ የሚያወርዱበትን መንገድ ሽቅብ መውጣት ነበር። የቦቴጎ ጓድ ከነጋዴው የሚለየው ጠመንጃ የያዙ ከ200 በላይ አስካሪዎች ስለነበሩት ነው። ይህን ለማየት አዲስ ሰነድ አያስፈልግም፤ የፓንክረስትን የንግድ ጥናትና የቫኑቴሊን መጽሐፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መክፈት ይበቃል።

ታዲያ ጋሞ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ?

እዚህ ላይ ዘዴው ያነክሳል። መንገደኛን የሚያነብ ታሪክ መንገደኛ በበዛበት ይወፍራል፣ በሌለበት ይከሳል። ሰሜኑ ከአልቫሬዝ ጀምሮ፣ በኢየሱሳውያን፣ በብሩስ አልፎ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቆንስሎች ድረስ ወደ አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ የመንገደኛ ጽሑፍ አለው። አንቷን ዳባዲ በ1890 ስለ ኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ያየውን ሳይሆን የሰማውን የያዘ ነው፤ የደቡቡን አገር በአመዛኙ በሰው አፍ ነው ያወቀው። የአባያ ምዕራብ ዳርና የጉጌ ደጋ በሕትመት በደንብ መታየት የጀመሩት ከ1896 ወዲህ ነው። ከቦቴጎ በኋላ በ1898 እና በ1899 የእንግሊዙ ሻምበል ዌልቢ፣ በ1900 እና በ1901 የወፍ አጥኚው ኦስካር ኖይማን መጡ። ዌልቢ የሄደው በምኒልክ ፈቃድ ነበር። የመንገዱን ካርታ ያነሣለት ሻህዛድ ሚር የተባለ የሕንድ ፈረሰኛ ጦር ሰው ነው፤ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ግን የዌልቢ ስም ብቻ አለ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ጋሞን ያዩት ከወረራው ማግሥት፣ ከቤተ መንግሥቱ በኩል በተከፈተ በር ነው። ያዩት እውነት ቢሆን እንኳ ያዩበት ወቅት ተራ ወቅት አይደለም።

ፓንክረስት ይህን ክፍተት ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። በ1997 ያሳተሙት «ዘ ኢትዮጵያን ቦርደርላንድስ» ዳር አገሮችን ወደ መሐል ለማምጣት የተደረገ ጥረት ነው፤ እስከ አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይወርዳል። ግን ለሐዲያ ወይም ለዳሞት የሰጡትን ስፋት ለጋሞ አልሰጡም፤ የነገሥታቱ ዜና መዋዕልና መንገደኞቹ ስለ ጋሞ ብዙ አላሉምና። ለታሪክ ጸሐፊ ከባዱ ኃጢአት ውሸት መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ሰነድ ያላገኘበትን አገር ታሪክ የሌለው ማስመሰልም አለ። ፓንክረስት አስመሰሉ አልልም። መጽሐፎቻቸውን በተርታ የሚያነብ ተማሪ ግን ይህን ስሜት ይዞ ቢወጣ አልፈርድበትም።

ስሜቱን የሚያፈርሰው ደግሞ የመጀመሪያው ሰነድ ራሱ ነው። በ1593 ስለ ኦሮሞ መስፋፋት በግዕዝ የጻፉት አባ ባሕርይ የጋሞ ሰው ነበሩ። ስለ ሌላ ሕዝብ አኗኗር፣ ሉባ ስለሚባለው የትውልድ ተራና ስለ ጦሩ አመራር የጻፉት አገራቸው ጋሞ በጦርነት ተመትቶ ንብረታቸውም ተዘርፎ ነው። ጌታቸው ኃይሌ በ2002 የባሕርይን ድርሰቶች በአማርኛ አሳትመውልናል። ይህ ለክርክራችን ትልቅ ነገር ነው። በአሳሽ ታሪክ ሚዛን ጋሞ የሚታይ፣ የሚገኝ፣ የሚሰየም ቦታ ነው። ባሕርይ ግን ከጋሞ ወደ ውጭ ያዩ፣ የጠየቁ፣ የመዘገቡ ሰው ናቸው። ቦቴጎ ስለ ደቡብ ከመጻፉ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ከዚሁ አገር የተነሣ ጸሐፊ ጎረቤቱን ያጠና ነበር። መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 በለንደን ያቀረቡት፣ ከ1508 እስከ 1708 ያለውን የደቡብ ኢትዮጵያና የክርስቲያኑ መንግሥት ታሪክ የሚመረምረው የዶክትሬት ጥናት ከአባ ባሕርይ ዓይነቱ ምስክር ይነሣል። ለዚህም ነው ደቡቡ በእሱ ውስጥ በእግሩ የሚቆመው።

ከዚያ በኋላ ጋሞን ያጠኑት በብዛት የታሪክ ሳይሆን የአንትሮፖሎጂ ሰዎች ናቸው። ዣክ ቢዩሮ በ1981 የጋሞን የፖለቲካ ሥርዓት፣ ማርክ አቤሌስ በ1983 የኦቾሎን ጉባኤ ጻፉ። ጁዲት ኦልምስቴድ በ1997 የአንዲት ሴት መሪን ሕይወት፣ ዴና ፍሪማን በ2002 የዶኮን ለውጥ አጠኑ። እነዚህ ሰዎች ከመንገደኛው የሚለዩት ቁጭ ማለታቸው ነው። ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ቦታ ላይ ሽማግሌ ሲናገር፣ ሌላው ሲያቋርጠው፣ ሃላቃ የሚባለው ሹም ሲሾም ከርመው ያዩ ናቸው። ደሬ የሚባሉት የጋሞ አገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድንበርና ሥርዓት ስላላቸው፣ በአንዱ ውስጥ አልፎ የሄደ ሰው ስለ «ጋሞ» የጻፈው ሁሉ ስለ አንድ ደሬ የጻፈው ነው።

የአንትሮፖሎጂው ሰው ዳን ስፐርበር ከጋሞው ዶርዜ ይዘውት የሄዱት አንድ ወግ ለታሪክ ጸሐፊ ጥሩ ፈተና ነው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ። ስፐርበር በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስተዋሉት ግን ይህንኑ የሚለው ሰውዬ ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ከነብር መጠበቁን አይተውም። የቸኮለ መንገደኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰምቶ «አጉል እምነት» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ፓንክረስት ይህን ከሌላ ሃያ መንገደኛ ጋር ቢያሰልፉት እንኳ ሁለተኛውን ግማሽ አያገኙትም፤ ሃያዎቹም የሚጽፉት የሰሙትን ነውና። ዋጋ በማሰለፍ ይጠራል፤ ጨውን ማንም ሰው በጾም ቀን በርካሽ አይሸጠውም። እምነትን፣ ሕግን፣ የመሬት ይገባኛልን ግን ማሰለፍ አያጠራቸውም፤ ከብቱ ሲጠበቅ ማየት ይጠይቃል። የፓንክረስት ዘዴ በገበያ የበረታውና በጉባኤ የደከመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ለደቡብ ግድ ስላልነበራቸው አይደለም።

በሐይቁ ላይ ግን ሁለቱ ዓይነት ጥናቶች ገና በወጉ አልተገናኙም። በአባያ ጊዲቾ ደሴት ላይ ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩት ባይሶዎችና ኦሞአዊ ቋንቋ የሚናገሩት፣ በጉማሬ አደን የታወቁት ሃሮዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። ከዳርቻው የሚያገናኛቸው አምባች ከሚባለው፣ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ቀላል ግንድ ታስሮ የሚሠራ ታንኳ ነው። አምባች እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል፤ እየቆየ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳው መድረቅና መታደስ አለበት። የአደኑ፣ የእህል ጭነቱ፣ የዳርና የደሴቱ ንግድ ሁሉ በዚህ ግንድ ላይ የቆመ ነው። የባሕር ጉዞ ታሪክ ማለት ካፒቴንና ባንዲራ ብቻ ካልሆነ፣ የኢትዮጵያ የውሃ ጉዞ ታሪክ ጸሐፊ ምጽዋንና አዱሊስን እንደሚጽፍ ይህንንም መጻፍ አለበት። ፓንክረስት ወደቦችን ሲጽፉ የተከተሉት የዕቃ ዱካ እዚህም ይሠራል፤ የጉማሬ ቆዳው፣ ጥጡና ዓሣው በየትኛው ገበያ እንደሚወርዱ መከተል ነው። ልዩነቱ ምስክሩ መጽሐፍ ሳይሆን ታንኳ የሚያስር ሰው መሆኑ ነው።

የመንገደኛው መጽሐፍም ለዚህ ሥራ አይጣልም። ሐይቁ ዛሬ የውሃ መሐንዲሶች ጉዳይ ነው። በ1986 በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተመሠረተው፣ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ተቋም በአባያ ደለልና በሐይቆቹ ከፍታ ላይ የሚሠራው ከዚህ የተነሣ ነው። አባያ ሲሞላ ተርፎ በኩልፎ በኩል ወደ ጫሞ ይወርዳል፤ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ዳርቻውን ይለውጣል። ቫኑቴሊ በመርከበኛ መሣሪያ ለክቶ የነደፈው ካርታ «ማርጌሪታ» የሚለው ቃል ቢያበላሸውም የዳርቻ መስመር አለው፤ የ1896 የዳርቻ መስመር ነው። ፓንክረስት በሕይወት ኖረው ይህን ካርታ ቢይዙ ስሙን ዘለው መስመሩን ከዌልቢና ከኖይማን ንድፍ ጋር ያሰልፉት ነበር፤ የት እንደሚስማሙ፣ ማን እንዳጋደለ ያሳዩ ነበር። ቢዩሮና አቤሌስ በተቀመጡበት ዱቡሻ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ የዚህ ደሬ ከብት ውሃ የሚጠጣው ድሮ የት ነበር፣ ግጦሹን ውሃ የወሰደው በየትኛው ሃላቃ ዘመን ነው። የሽማግሌው ዘመን በሹመት ይቆጠራል፤ የካርታው ዘመን በቁጥር ነው። ሁለቱን ለማገናኘት የሹመቱን ተራ መዝግቦ፣ አንድ ሁለት በውጭ ሰነድ የታወቀ ክስተት ላይ ማሰር ይጠይቃል። የከብቱ እልቂት ለዚህ ጥሩ ችንካር ይሆናል፤ ዓመቱን ፓንክረስት አስቀምጠውልናል፣ እረኛ አያትም ይረሳዋል ተብሎ አይጠበቅም። ከዚያ ወዲያ ያለው በኦቾሎና በሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚሠራ የመስክ ሥራ ነው።